ኮምፒውተር የሌለበት ፓምፕ ቤት

ሰውየውን ሰፈሩ ሁሉ «አይጠፌ» ነበር የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ደሞዝ ከፋዩና እህቱ ብቻ ናቸው፤ ደሞዝ ከፋዩም ቢሆን ሲጠራው ይሳሳታል። ቅጽል ስሙ የመጣው ከራሱ አፍ ነው። ለተቀመጠውም ለቆመውም «የኔው አይጠፋም! መብራት ቢሄድ አይጠፋም፣ ሰማይ ቢደፋ አይጠፋም!» እያለ ሲያቅራራ ሰሙትና አይጠፌ አሉት፤ በዚያው ቀረ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ሰው ግን ቆጥሬያለሁ። በሰው ቆጠራ የሚበልጠኝ ካለ ይምጣና ይሞክረኝ። አንዴ ሰፈር ያወጣውን ስም የሚሽር ዳኛ ደግሞ እስከ ዛሬ አላየሁም።

የሚመካበት ነገር ምን መሰላችሁ? ሚስት እንዳትሉ፣ አላገባም። ቤት እንዳትሉ፣ ቤቱ የመሥሪያ ቤቱ ነው። አንድ ሳጥን ነው! የዳቦ መጠን ያለው ግራጫ የብረት ሳጥን፤ ከፊቱ አንድ አረንጓዴ መብራት፣ ከኋላው የተዝረከረከ ሽቦ። በቃ፣ ሌላ የለውም።

መጀመሪያ ሰፈሩን ላሳያችሁ። ሰፈሩ ከወንዙ ዝቅ ብሎ ነው የተሠራው። እንዴት ሰው ከወንዝ በታች ይሠፍራል ትሉኝ ይሆናል፤ ድሃ የት ይሥፈር? ወንዙን የሚይዝ ረጅም ግንብ አለ። ግንቡ ወንዙን ከሰፈሩ ይከለክላል፣ ግን ደግሞ ሰፈሩ ላይ የዘነበውን ውሃ ወደ ወንዙ እንዳይሄድ ይከለክላል። ስለዚህ የዝናቡ ውሃ በቦዩ በቦዩ ተጉዞ ፓምፕ ቤቱ ሥር ካለው ጉድጓድ ይጠራቀማል፤ ከዚያ ሁለት ፓምፖች እየሳቡ በግንቡ ላይ አሻግረው ወንዙ ውስጥ ይተፉታል። ፓምፖቹ ከቆሙ ጉድጓዱ ይሞላል፣ ከሞላ ውሃው የመጣበትን መንገድ አይረሳም፤ ተመልሶ የሰው ቤት ይገባል። ሁሉም ነገር ይኸው ነው። ይሄን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፣ እኔ ገብቶኛል።

ሳጥኑ ሳይመጣ በፊት አይጠፌ ራሱ ነበር ሳጥኑ። ጉድጓዱ ውስጥ የምትንሳፈፍ ኳስ አለች፤ ኳሷ ቀይ ምልክቷ ጋ ስትደርስ ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቅ እጀታ ገፍቶ ፓምፖቹን ያስነሳል፣ ስትወርድ መልሶ ይስባል። ክረምት ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ነው የሚተኛው፣ ያውም ተኛ ከተባለ። እንቅልፍ ማለት ለሱ ጎረቤት የሚያወራለት ነገር ነበር።

አንድ በጋ ላይ አንድ ቀጭን ኢንጂነር መጣ። ቆሞ የሚበላ ዓይነት ሰው ነው፤ ቆሞ ከሚበላ ሰው ጋ ብዙ ወሬ የለም። ሳጥኑን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠ፣ ከኳሷና ከፓምፖቹ ጋ በሽቦ አገናኘ፣ ላፕቶፑን ሰክቶ ጣቱ እንደ ጠብታ ሲንጠባጠብ ዋለ።

«ምን ይባላል ይሄ?» አለው አይጠፌ።

«ውስጡ ያለው ሊኑክስ ነው።»

«የየት አገር ሥራ ነው?»

«የሁሉም። ብዙ ሰው ከየአለበት ሆኖ ይሠራዋል፣ ለማንም በነፃ ነው።»

«በነፃ የተሠራ ነገር ይበረክታል እንዴ?»

ኢንጂነሩ ሳቀና «አባባ፣ እርስዎ አይንኩት እንጂ እሱ ራሱን ያውቃል» አለ። ሄደ፤ ሌላ አገር ሥራ አገኘ አሉ፣ ወሬውም ጠፋ።

ሳጥኑ ግን ቀጠለ። ልብ በሉልኝ፣ ቀጠለ ስላችሁ ዝም ብዬ አይደለም። ክረምት መጣ ክረምት ሄደ፣ የሰፈሩ ልጆች አድገው ወለዱ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ስንቴ ተቀየረ፤ ያ አረንጓዴ መብራት አንድም ቀን ዓይኑን አልከደነም። መብራት ሲሄድ ከሥሩ ያለች ባትሪ ትይዘዋለች፣ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ደግሞ እሷ ታርፋለች። ውሃ ሲመጣ ያስነሳል፣ ሲወርድ ያቆማል። አይጠፌ እንቅልፍ ምን እንደሚመስል በስተርጅና ተማረ።

ከእንቅልፉ ጋ ትዕቢትም መጣ። በየቢሮው የሚባለውን ታውቁታላችሁ፤ ገና በሩ ላይ ስትደርሱ «ሲስተም የለም!» ነው። የውሃ ሂሳብ የምትቀበለው ልጅ ጥፍሯን እየሞረደች «ሲስተም የለም፣ ነገ ይምጡ» ስትል አይጠፌ ከሰልፉ መሀል ይጮህ ነበር፦ «እኔ ጋ ኑ! እኔ ጋ ሲስተም አለ!»

«እና ሂሳባችንን ለፓምፕ እንክፈል?» ይሉታል።

ፀጉር አስተካካዩ በተለይ አይለቀውም። «አንተ ሰውዬ፣ እሱ ነገርህ ኮምፒውተር ነው ወይስ ምንድነው?»

«ኮምፒውተር አትበለው! ኮምፒውተር የሚጠፋ ነገር ነው። ይሄ የማይጠፋ ነው።»

«እሱማ ስክሪን የለው፣ ፊልም አያሳይ፣ ምኑን ኮምፒውተር ሆነ? ሬዲዮ ነው በለኝ።»

«ሬዲዮ ያወራል። የኔ ዝም ብሎ ይሠራል። እንዳንተ መሰለህ?»

ፀጉር ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

አሁን ወደ እህቱ ልምጣ፤ እህቱን ሳላመጣ ብጨርስ ታሪኩ ታሪክ አይሆንም። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ድክ ድክ የሚል ነው፤ እሷ ራሷ ልጅ ነበረች። ጀርባዋ ላይ አዝላው የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገችው። ያጫትንም ሰው «ወንድሜ አብሮኝ ካልገባ» ብላ መለሰችው፤ ያም ሰው ሌላ አገባ። እሱ «እትዬ» ይላታል፣ እሷ «ወንድምዓለም»። በኋላ እግሯ ከዳት፤ መጀመሪያ በምርኩዝ፣ ከዚያ በግድግዳ፣ ከዚያ ጭራሽ አልጋ። ከፓምፕ ቤቱ ጀርባ የጠባቂው ክፍል አለች፤ ወለሏ ከመንገዱ ዝቅ ያለ፣ መስኮቷ ወደ ፓምፕ ቤቱ ግድግዳ የሚያይ። እዚያ ነው የሚኖሩት። እትዬ ዓይኗ ባያይም ጆሮዋ ያያል፤ ፓምፑ ሲነሳ ሲቆም ከአልጋዋ ሆና ትለያለች። ምላሷ ደግሞ አላረጀም።

«ሳጥንህን ጠረግከው?» ትለዋለች።

«ጠረግኩት።»

«እኔንስ መቼ ነው የምትጠርገኝ? ተጋቡና ይለይላችሁ እንጂ!»

እንዲህ ሲሳሳቁ ነበር ያ ወሬ የመጣው። በላይኛው ጣቢያ አዲስ ኮምፒውተር ገባ፤ ውሃውን ራሱ ያያል፣ ፓምፑን ራሱ ያዛል፣ የሆነውን ሁሉ ለዋናው ቢሮ ራሱ ይናገራል። እና የዚያ ጣቢያ ጠባቂ ምን ሊሠራ? «እስከ ዛሬ ላገለገሉት እናመሰግናለን» ተባለና ክፍሉን ለቀቀ። አሁን ከአማቹ ቤት ነው። ሻይ ሲቀርብለት ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ አይቀመጥም አሉ፣ ጓ ይላል። ያቺን ድምፅ ያልሰማ ሰው ስደት ምን እንደሆነ አያውቅም፤ እኔ ሰምቻታለሁ፣ አልነግራችሁም።

አይጠፌ ያን ወሬ ከሰማ በኋላ ምግብ አልበላ አለው። እሱስ የትም ይወድቃል፤ እትዬን ይዞ የት ይገባል? የማትነሳ አሮጊት ይዞ የሚመጣ ተከራይ ማን ይቀበላል? ቀጥሎ ደግሞ ትእዛዝ መጣ፦ በየጣቢያው ያለ ኮምፒውተር ሁሉ ይቆጠር፣ ቢጫ ስቲከር ይለጠፍበት፣ ያረጀው ሁሉ በአዲሱ ይቀየር።

ምን አደረገ መሰላችሁ? ሳጥኑን ከነሽቦው የቆጣሪ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተው። የሞተ ሰው ራስ ቅል የተሳለበት፣ «አትንኩ» የሚል አሮጌ የብረት ቁም ሣጥን ነው። ዘጋው። በሩን ሲዘጋ እንኳ እንደሚያስተኙት ሕፃን ቀስ ብሎ ነው።

የምትቆጥረው ቴክኒሻን ከሾፌር ጋ መጣች። ወጣት ናት፣ ቦርሳዋ ከሷ ይከብዳል፣ ጫማዋ ጭቃ ብቻ። ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሞ «ቶሎ በይ፣ ገና ሦስት ጣቢያ አለብን» ይላል።

«አባባ፣ እዚህ ኮምፒውተር አለ?»

«የለም።»

«ምንም?»

«ልጄ፣ እኔ እዚህ ያለሁት ፓምፕ ጠባቂ ሆኜ ነው። ኮምፒውተር ምን ሊያደርግልኝ? ፎቶ ላነሳበት?»

ሾፌሩ ሳቀ። «የለም ብለዋል፣ እንሂድ በቃ!»

ልጅቷ ግን ጉድጓዱን አየች። ኳሷ ከፍ እያለች ነው። ከዚያ፣ ማንም እጀታ ሳይነካ፣ አንደኛው ፓምፕ ተነስቶ ማጓራት ጀመረ።

«ይሄን ማን አስነሳው?»

አይጠፌ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። «ለምዶት ነው» አለ።

እሷም ሳቋ አመለጣት። ሽቦውን ተከትላ ሄደች፣ የራስ ቅሉን ሳትፈራ በሩን ከፈተችው። አረንጓዴው መብራት ጨለማው ውስጥ እንደ ድመት ዓይን አያት።

«አባባ! ይሄ ምንድነው ታዲያ?»

«ሳጥን ነው።»

«ኮምፒውተር ነው።»

«ስክሪኑ የታለ? ኪቦርዱ የታለ?»

«ኮምፒውተር ለመሆን ስክሪን አያስፈልገውም። የሚነግሩትን ተቀብሎ የሚያስብና የሚያዝ ከሆነ ኮምፒውተር ነው። ኪስዎ ውስጥ ያለው ስልክ ኮምፒውተር ነው። እዚያ መኪና ውስጥ ራሱ ኮምፒውተር አለ።»

«እንግዲያው የኔም ጭንቅላት ኮምፒውተር ነው በይኛ!»

«እሱ ቢሆን ኖሮ አፕዴት እናደርግልዎ ነበር» አለች። ሾፌሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አይጠፌም ሳያስበው ሳቀ።

ልጅቷ ላፕቶፗን ሰካች። አንገቷን ደፍታ ብዙ ቆየች። ሾፌሩ ሲጋራ ሊያጨስ ወጣ። ፊቷ እየተለወጠ ሄደ፤ መጀመሪያ ተገረመች፣ ከዚያ ቀና ብላ እንደ ሐኪም አየችው።

«አባባ፣ ይሄ ነገር ከተነሳ ጀምሮ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም።»

«አልነገርኩሽም!»

«ይስሙኝማ። እዚህ ውስጥ ሚሞሪ ካርድ አለ። ሲነሳ ሥራውን የሚያነበው ከሱ ላይ ነው። ካርዱ ሞቷል፤ መቼ እንደሞተ እንጃ፣ ምናልባት ብዙ ክረምት ይሆነዋል። ሊኑክሱ ግን አንዴ ያነበበውን በውስጡ ይዞታል፤ በያዘው ነው እየሠራ ያለው። ምንም አልጎደለበትም። እስካልጠፋ ድረስ።»

«ከጠፋስ?»

«ከጠፋ አይነሳም። የሚነሳበት የለውም።»

አይጠፌ ይሄን ሲሰማ ምን ማለት ነበረበት? እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እሱ ጭኑን መታ። «አየሽ! አየሽ! ካርዱ ሞቶበት እንኳ ይሠራል! የናንተ ቢሮ በሕይወት እያለም አይሠራ!»

«አባባ፣ እኔኮ እያስፈራራሁዎት ነው እንጂ እያመሰገንኩት አይደለም» አለችው። «ክፉነቱ ይሄ ነው። ሌላው ቢሆን ወዲያው ይቆምና እናውቅ ነበር፣ ይጠገን ነበር። ይሄ ግን ጠንካራ ስለሆነ ሳይነግረን ነው የሞተው።»

«ታዲያ ካርድ አምጪና ቀይሪለታ።»

«ካርዱ ከመጋዘን ነው የሚወጣው፤ ለመውጣት ስቲከር ያስፈልጋል። ስቲከር ከለጠፍኩ ደግሞ ኮምፒውተር አለ ማለት ነው፤ በአዲሱ ይቀየራል።»

እሱ የሚፈራውም ይኸው ነው። ወለሉን አየ። በዚህ መሀል ከግድግዳው ወዲያ የእትዬ ድምፅ መጣ፦ «ወንድምዓለም! ማናት እሷ? ሴት አገኘህ እንዴ በስተርጅናህ?»

ቴክኒሻኗ ሰላም ልትላት ገባች። ክፍሏን አየች። አልጋውን አየች፣ ከአልጋው አጠገብ ያለውን ማስታጠቢያ አየች፣ ተጣጥፎ የተቀመጠውን ንጹሕ ጨርቅ አየች። እትዬ እጇን ይዛ ፊቷን ዳሰሰቻት።

«ልጄ፣ ቆጣሪ ነሽ አሉ። እኔንም ቁጠሪኝ፣ ከዕቃ እቆጠራለሁ አሁን።»

«ኧረ እማማ፣ እንዲህ አይበሉ!»

«ግዴለም። እሱን ግን አትቁጠሪብኝ። ሌላ ሰው የለኝም።»

ውጪ ሲወጡ አይጠፌ ኩራቱን ሁሉ ጣለ። ያ ሰማይን የሚሳደብ ሰው ድምፁ እንደ ልጅ ቀጠነ። «ልጄ፣ እናት የለሽም? ኮምፒውተር አይደለም በይ። አንድ ቃል ናት። እሷን ይዤ የት ልግባ?»

ልጅቷ ስቲከሩን በእጇ ይዛ ቆመች። ክፉ ብትሆን ኖሮ ይሻል ነበር፤ እኔ በዕድሜዬ ያየሁት ትልቁ ጥፋት ከደግ ሰው ነው የመጣው። ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። ስቲከሩን ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።

«እሺ» አለች። «ኮምፒውተር አይደለም። ካርዱን እኔ በራሴ ፈልጌ ከክረምት በፊት አመጣለሁ። እርስዎ ግን ያን የግድግዳ እጀታ ዘይት ያጠጡት። በየጊዜው ይሞክሩት። ያ ሳጥን ቢጠፋ ያለዎት እሱ ብቻ ነው። ቃል ይግቡልኝ።»

«በእትዬ ሞት!» አለ አይጠፌ። እንዲህ ነበር ያለው፣ ምን ልበላችሁ።

ልጅቷ ሄደች። ቆጠራው አገር ላገር አዞራት፤ እንደዚያ ዓይነት አሮጌ ካርድ ደግሞ ገበያ ላይ ጠፋ። አልረሳችም፣ ትደውል ነበር።

«አባባ፣ እጀታውን ሞከሩት?»

«እንዴታ!»

አልሞከረውም። ለምን አትሉኝም? እጀታው ሲገፋ ሳጥኑ ከመስመር ይወጣል፤ ኢንጂነሩ እንደዚያ ነው የሠራው፣ ወይ እሱ ያዛል ወይ ሰው ያዛል። አይጠፌ እጁን እጀታው ላይ ያሳርፍና «እሱን ከመስመር ሳወጣው ቢደነግጥስ? ቢጠፋስ?» ይላል፤ እጁን ይመልሳል። እንዳይጠፋ ብሎ፣ ቢጠፋ የሚያድነውን ነገር ዝገት እንዲበላው ተወው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ዘይት እንኳ አላጠጣውም፤ ዘይቱ ቢንጠባጠብ ሽቦው ጋ ይደርሳል ብሎ።

ክረምቱ ገባ። መጀመሪያ ልከኛ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን፣ ከጠዋት ጀምሮ የጠቆረ ሰማይ እኩለ ቀን ላይ ተቀደደ። ዝናቡ ጠብታ አልነበረም፣ ገመድ ነው። መንገዱ ቦይ ሆነ፣ ቦዩ ወንዝ ሆነ። ሁለቱም ፓምፖች እያጓሩ ነው፤ አይጠፌ የቁም ሣጥኑን በር ከፍቶ አረንጓዴውን መብራት እያየ «በርታ የኔ አንበሳ» ይላል።

መብረቅ መታ። መብራት ሄደ። ፓምፖቹ ቆሙ። ጄኔሬተሩ እንደ ሳል በሽተኛ አንዴ አለ፣ ሁለቴ አለ፣ ተነሳ። አምፖሉ በራ።

አረንጓዴው ግን የለም።

ባትሪዋ አርጅታ ኖሯል፤ ያን አጭር ክፍተት መሸከም አቃታት። ሳጥኑ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ብልጭ፣ ብልጭ ትላለች። ፓምፖቹ ጤነኞች ናቸው። ኃይል አለ፣ ነዳጅ አለ። «ተነሱ» የሚላቸው ብቻ ጠፋ።

አይጠፌ አላመነም። ሳጥኑን በጨርቅ ጠረገው። ሽቦውን ነቅሎ ሰካው። ቀይዋ ነጥብ ብልጭ አለች። «ና እንጂ» አለው። «ና፣ አታሳፍረኝ።» ከታች የጉድጓዱ ውሃ ኳሷን ከምልክቷ በላይ ተሸክሟት ጠርዙን እየላሰ ነው። እሱ ይጠብቃል! ይነሳል ብሎ ይጠብቃል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

በመጨረሻ ስልኩን አወጣ። ልጅቷ አነሳች።

«ጠፋ» አላት።

«አባባ፣ አይነሳም። አይጠብቁት። እጀታውን! አሁኑኑ እጀታውን!»

እጀታውን ያዘ። ገፋ። እጀታው ከግድግዳው ጋ የተወለደ ይመስል ፍንክች አላለም። በትከሻው ገፋ። መዶሻ ፈልጎ መታ። የዝገት ቅርፊት ረገፈ፤ እጀታው እንደሆነ እንደነበር ነው።

«ወንድምዓለም!» አለች እትዬ ከግድግዳው ወዲያ። «ውሃ ገባ!»

ሮጦ ሄደ። ክፍሏ ውስጥ ውሃው ቁርጭምጭሚቱን አለፈ፤ ማስታጠቢያው ይንሳፈፋል። ሊያነሳት ሞከረ። እሱም ሽማግሌ ነው፣ እሷም የማትታጠፍ ሆናለች፤ ከወገቧ ቀና ሲያደርጋት ሁለቱም ተመልሰው ወደቁ።

«ተወኝ» አለችው። «ተሸክመህስ የት ታደርሰኛለህ? ውጪው ሁሉ ውሃ ነው። ፓምፑ ለምን ቆመ?»

«ጠፋ፣ እትዬ። ጠፋብኝ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? እኔ አልጋ ላይ ነኝ፣ ከፍ ብያለሁ። ይሄ ሁሉ ሰው ልጅ አለው። ሂድ አስነሳው፣ ውሃው ይወርዳል። ሂድ!»

ትራሷን አቀናላት፣ ሄደ።

መታ። መዶሻው ሲያርፍ ግድግዳው ይነዝራል። እሷ ትጣራለች፣ እሱ «መጣሁ እትዬ!» ይላል፣ ይመታል። ደግማ ትጣራለች፣ «መጣሁ!» ይላል። የመዶሻው ድምፅ፣ የዝናቡ ድምፅ፣ የጄኔሬተሩ ድምፅ። እየቆየ ድምፅዋ መጥቶ ይሁን አይሁን መለየት አቃተው፤ እሱ ግን «መጣሁ፣ መጣሁ» እያለ ይመታ ነበር። እጁ ደማ። እጀታው ድንገት እንደ አጥንት ቀጭ አለና ሄደለት። ፓምፖቹ አጓሩ።

ውሃው መጉደል ጀመረ። አይጠፌ ግድግዳውን ተደግፎ ትንፋሹን ሰበሰበ፤ ድምፁን ሰምታለች፣ ጆሮዋ ያያል፣ አሁን ደስ ብሏታል ብሎ አሰበ። «እትዬ፣ ሰማሽው?» ብሎ ጮኸ።

ክፍሉ ውስጥ ሲገባ አልጋው ቦታው ላይ አልነበረም። የእንጨት አልጋ ነው፣ ፍራሹ ስፖንጅ ነው፤ ውሃው ከሥሩ ሲገባ አንሳፈፈው፣ ካንሳፈፈው በኋላ ገለበጠው። ከአልጋውና ከግድግዳው መሀል አገኛት። ውሃው አሁን ጉልበቱ ድረስ እንኳ አልነበረም።

ሰፈሩ ውስጥ ሌላ ሰው አልሞተም። ዕቃ ጠፋ፣ ግድግዳ ራሰ፣ የፀጉር አስተካካዩ ወንበር ከበሩ ወጥቶ ሄደ። ሰዎቹ «አይጠፌ አዳነን» አሉ። ይሄን ሲሉት ጆሮውን ይደፍናል።

ከቀብሩ በኋላ የቢሮ ሰዎች አዳዲስ ቦት ጫማ አድርገው መጡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«ፓምፖቹ ለምን ቆሙ?» አሉት።

«ኮምፒውተሩ ሞተ።»

«የቱ ኮምፒውተር?»

ቁም ሣጥኑን ከፈተላቸው። ሳጥኑን አዩት፣ እርስ በርስ ተያዩ። «እዚህ ጣቢያ ኮምፒውተር እንደሌለ ነው የምናውቀው» አለ አንደኛው። ሾፌሩም አብሮ ነበር፤ «ኧረ ራሳቸው ናቸው የለም ያሉት፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለ።

«ነበር!» ብሎ ጮኸ አይጠፌ። «ኮምፒውተር ነበር! ሊኑክስ ነበር! ኮምፒውተር ነው!»

አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ሐዘን ነው፣ ያልፍለታል አሉ።

ቴክኒሻኗም መጣች። አልተቀመጠችም። «ለአለቃዬ ነግሬያቸዋለሁ» አለችው። «ስቲከሩን ያልለጠፍኩት እኔ ነኝ ብያለሁ። ‹ቆጠራው ተዘግቷል፣ የተዘጋ ነገር አትክፈቺ› አሉኝ።» ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። እሱ ሊያጽናናት እጁን አነሳ፤ እጁ እንደተነሳ ቀረ።

ክረምቱ ሳያልቅ አይጠፌ ዋናው ቢሮ ሄደ። የሄደው ልቀቁኝ ሊል ነው። ለኃላፊው ሁሉንም ተናገረ፦ እንደዋሸ፣ ሳጥኑን እንደደበቀ፣ እጀታውን እንዳልሞከረ። «ቁጠሩትና ቀይሩት» አለ። «እኔንም አሰናብቱኝ። በአዲስ ኮምፒውተር ይሥራ።»

ኃላፊው ደግ ሰው ነው። ሻይ አዘዘለት፤ ብርጭቆውም በቀስታ ነው የተቀመጠው።

«አባባ፣ እኛ የምንቀይረው ኮምፒውተር ያለበትን ጣቢያ ነው። የእርስዎ መዝገብ ላይ በእጅ የሚሠራ ነው፤ በእጅ የሚሠራ ጣቢያ ደግሞ ያለ ሰው አይሆንም፣ እዚያው የሚያድር ሰው ይፈልጋል። እንደ እርስዎ ያለ ታማኝ ከየት ይመጣል? ማንም አያስወጣዎትም፣ አይስጉ። ክፍሏ የእርስዎ ናት፤ እስኪሞቱ ይኑሩባት።»

አይጠፌ ሻዩን ሳይነካው ተነሳ። ኃላፊው በሩ ድረስ ሸኘው፣ በመስኮቱም ወደ ውጪ አየ።

«ደመናው እየከበደ ነው» አለው። «ይፍጠኑ፣ ጣቢያው ላይ ሰው የለም።»